ምነው፣ ሪዙ ምንድን ነው?

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ጺሙን ሳይላጭ ከሰነበተ ሰው ዝም አይለውም። "ምነው? በደህና ነው?" ይባላል። አባቱን የቀበረ ወይም ወንድሙን ያጣ ሰው አርባው እስኪወጣ ምላጭ አይነካም። ጎረቤት ፊቱን አይቶ ነገሩ ይገባዋል። ጠጋ ብሎ "እግዜር ያጥናህ" ይለዋል።

እኔ የምኖረው ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ነው። እዚህ ደግሞ ኖቬምበር በገባ ቁጥር ማንም ያልሞተባቸው ወንዶች ከአፍንጫቸው ሥር ሪዝ ማብቀል ይጀምራሉ። የባንኩ ልጅ፣ የልጄ አስተማሪ፣ የትራሙ ሾፌር። በሁለተኛው ሳምንት ላይ የብዙዎቹ የሚያምር ነገር አይደለም። ቡና ጠጥተው አፋቸውን ያልጠረጉ ይመስላሉ።

ነገሩ ሞቬምበር ይባላል። የተጀመረውም እዚሁ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ትራቪስ ጋሮን እና ሉክ ስላተሪ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ቢራ እየጠጡ ስለ ፋሽን ያወራሉ። የድሮው ሁሉ ተመልሶ መጥቷል፣ ሪዝ ብቻ የት ገባ? ተባባሉ። የአንድ ጓደኛቸው እናት ደግሞ በዚያን ሰሞን ለጡት ካንሰር ገንዘብ ታሰባስብ ነበር። ሐሳቡን ከእሷ ወሰዱ። 30 ሰው አገኙ። እያንዳንዱ ሪዝ ለማሳደግ 10 ዶላር ከፈለ። ልብ በሉ፣ ከፍለው ነው መልካቸውን ያበላሹት።

በዓመቱ የትራቪስ ወንድም አዳም ጋሮን እና ጀስቲን ኮግላን ተጨመሩ። ቀልዱ ቁም ነገር ሆነ። ገንዘቡም ለፕሮስቴት ካንሰር እንዲውል ወሰኑ። ከ400 በላይ ወንዶች 54,000 የአውስትራሊያ ዶላር ሰበሰቡ። የአገሩ የፕሮስቴት ካንሰር ፋውንዴሽን እስከዚያ ድረስ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ልገሳ አግኝቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ዘመቻው ከ20 በሚበልጡ አገሮች ይካሄዳል። ከ1,200 በላይ ለሆኑ የወንዶች ጤና ሥራዎች ገንዘብ ሰጥቷል። ከፕሮስቴት ሌላ የዘር ፍሬ ካንሰርንና የአእምሮ ጤናን፣ በተለይም ራስን ማጥፋትን መከላከልን ይዟል።

ሕግ አለው። ኖቬምበር 1 ሙልጭ ብለህ ተላጭተህ ትጀምራለህ። ከዚያ ወሩን ሙሉ ሪዙን ብቻ ታሳድጋለህ። ከጆሮ ግንድህ ጸጉር ጋር ከተገናኘ ጺም ነው፣ አይቆጠርም። አገጭህ ላይ ከገጠመም እንደዚያው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 21፣ በጽዮን ዕለት ያልቃል። ሪዝ የማይወጣለት ሰው፣ ሴቶችም ጭምር፣ በወሩ ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል ወይም ይሮጣል። 60 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ በየሰዓቱ ወደ 60 የሚጠጉ ወንዶች ራሳቸውን ያጠፋሉ ከሚል ስሌት የመጣ ነው።

እኔን ያስገቡኝ የመጋዘን ባልደረቦቼ ናቸው። በሻይ ሰዓት ስም ሲመዘገብ እምቢ ብል እንደ ኩራት ይቆጠራል ብዬ ገባሁ። ፈረንጆቹ እየሳቁ ሃያ ሃያ ዶላር ጣሉልኝ። ሐበሾቹ ጓደኞቼ ግን ወዲያው ኪሳቸው አልገቡም። መጀመሪያ "ማን ታሞ ነው?" አሉ። ማንም የለም ስላቸው ግራ ገባቸው። "ታዲያ ለማን ነው የምናዋጣው?"

ጥያቄው ትክክል ነው። እኛ ገንዘብ የምናዋጣው ለስም ነው። ለእገሌ ቀዶ ሕክምና፣ ለእገሊት የሐዘን ወጪ። ፊቱን ለማናውቀው፣ ገና ላልታመመ ሰው ማዋጣት አልለመድንም።

እናቴ ጋ በቪዲዮ የደወልኩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ማታ ነበር። የማድ ቤቱ መብራት ከኋላዬ ስለሆነ ፊቴ ጠቁሮ ነው የታያት። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

"ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም አልሞተም እማዬ።"

"አትደብቀኝ። አሜሪካ ያሉት ናቸው?"

"እውነቴን ነው፣ ሁሉም ደህና ናቸው።"

"ታዲያ ፊትህ ምን ሆኖ ነው?"

አልፈረድኩባትም። ውጭ ላለ ሰው መርዶ ይደበቃል። ውጭ ያለውም አገር ቤት ላሉት ይደብቃል። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጠዋት በር ተንኳኩቶ ካልሆነ ሞት አይነገርም። ስለዚህ የሩቅ ሰው እናት የልጇን ፊት ታነባለች። ከመብራቱ ዞር ብዬ አገጬን አሳየኋት። ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው አልኳት።

"በሪዝ?"

"በሪዝ።"

"ለማን?"

"ለታመሙ ወንዶች።"

ጥቂት አሰበችና "አባትህ ሪዝ ያምርበት ነበር" አለች። "አንተ ግን አላማረብህም።"

ከመጋዘኑ የተመዘገብነው ሁሉ፣ ለሌላው ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት እኛም እንመርመር ተባባልን። እኔም የቤተሰብ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ወጣት ሴት ናት። ኮምፒውተሯን እያየች ትጠይቀኛለች። ሲጋራ? አላጨስም። መጠጥ? በበዓል። አባትህ በሕይወት አሉ? የሉም። በምን ሞቱ?

እኛ ቤት መልሱ አንድ ነው። በሽንት በሽታ። ልጅ ሆኜም፣ አድጌም የሰማሁት ይህንኑ ነው። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ በሽታ የለም። ስለዚህ የማውቀውን ዘረዘርኩላት። ሽንት አልወጣ ብሎት ነበር። ወገቡን በጣም ያመው ነበር። ከሳ። ከዚያ ሞተ።

ትየባዋን አቆመች። "ወገቡን?" አለችኝ።

ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር ያለች ትንሽ እጢ ናት። የሽንት ቧንቧው በመካከሏ ያልፋል። ስታድግ ቧንቧውን ትጫናለች። ካንሰር ከሆነና ከተዛመተ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ አጥንት ነው። ወደ አከርካሪ፣ ወደ ዳሌ። ሐኪሟ ወገቡን ስትሰማ የቆመችው ለዚህ ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የተያዘ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። "ለማወቅ የምትጠይቀው ሰው አለ?" አለችኝ።

አለ። የአባቴ ታናሽ ወንድም። ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ አባዬ በምን ነበር የሞተው?"

"ዛሬ ምን ትዝ አለህ?"

"ሐኪም ጠይቃኝ ነው።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ካንሰር ነው ብለውን ነበር።"

"ማንን?"

"እኔን ነዋ። አዲስ አበባ ወስጄ ያሳየሁት እኔ አይደለሁ? ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ።"

"እማዬ ታውቃለች?"

"እንዴት ብዬ ልንገራት? እሱስ መቼ አወቀ? ሽንት ነው አልነው።"

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ከወንድማቸው አልጋ ሥር ማታ ማታ ያደሩ፣ ላማቸውን ሸጠው ያሳከሙ ሰው ናቸው። ያደረጉት በአገራችን ደግ ዘመድ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። በሽተኛው እንዳይደነግጥ ወረቀቱ በዘመድ እጅ ይዞራል። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ አስታማሚውን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ነው የሚነግረው። ከዚያ ሆድ ይፍጀው ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እንላለን። አባቴ ግን ምንም አልደበቀም። እኛ ነን የደበቅነው። ጋሼ ከጓዳቸው ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡት ወረቀት የእኔም፣ የወንድሜም የጤና ታሪክ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም።

ወረቀቱን በቴሌግራም አስላኩልኝ። ጥጉ በአይጥ ተበልቷል። የሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ ከባድ ነው፣ ግን አንዷ ቃል ትነበባለች።

ቀጥሎ የደወልኩት ለታላቅ ወንድሜ ነው። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሃምሳን አልፏል።

"እኔ ምንም አላመመኝም" አለኝ።

"ሳያም ነው የሚታየው።"

"ያ ምርመራ... በጣት ነው አይደል?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ስንት ወንድ በዚህ ጣት ምክንያት ሐኪም ቤት ሳይሄድ እንደቀረ ቤቱ ይቁጠረው። ዛሬ መጀመሪያ የሚደረገው የደም ምርመራ ነው። ፒኤስኤ ይባላል። ከክንድ ላይ ጥቂት ደም ይወሰዳል፣ አለቀ። ይህን ስነግረው ድምፁ ለስለስ አለ። "እሺ፣ ከጥምቀት በኋላ" አለኝ። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ዐቢይ ጾም አለ። ወንድሜን አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። የሞቬምበር ሰሞን "ሂዱ ተመርመሩ" ብሎ መጮህ ቀላል ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አጭር አይደለም። ብዙ የፕሮስቴት ካንሰር በጣም ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው። ሰውየው ካንሰሩን ይዞ ኖሮ በሌላ በሽታ፣ በእርጅና ይሞታል። የፒኤስኤ ውጤት ደግሞ ካንሰር ሳይኖርም ከፍ ሊል ይችላል። በዚህ የተነሳ ሳያስፈልጋቸው በቀዶ ሕክምና ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸው፣ የወንድነት ችግር የገጠማቸው አሉ። አሜሪካ ውስጥ በጉዳዩ ላይ ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ቡድን በ2012 ለሁሉም ወንድ በጅምላ አይደረግ ብሎ ነበር። በ2018 አሻሽሎ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉት ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ራሳቸው ይወስኑ አለ። አሁን ናሙና ከመውሰድ በፊት በኤምአርአይ ማየት እየተለመደ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድገውንም ሳይነኩ በክትትል ብቻ ማቆየት አለ። ስለዚህ ወንድሜን ያልኩት ተመርመር ብቻ አይደለም። ሐኪሙን ስታገኝ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ "አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር ነበረው" ይሁን ነው ያልኩት። ለእኛ ቤተሰብ ስሌቱን የሚለውጠው እሱ ነው።

ፉትስክሬይ የሜልበርን ምዕራብ ሰፈር ነው። እንጀራው፣ ሥጋ ቤቱ፣ ማኪያቶው ሁሉ እዚያ አለ። ታክሲ የሚነዱት አባቶች ከሥራ መልስ ቁጭ የሚሉትም እዚያው ነው። ሪዜን አይተው አንድ ሙሉ ከሰዓት ቀለዱብኝ። የቀበሌ ሊቀመንበር መሰልክ ያለኝም አለ። ለምን እንዳሳደግኩት ስነግራቸው ጨዋታው ወደ ፖለቲካ ዞረ። ስለ ፕሮስቴት ማውራት የሚወድ ማን አለ?

ልወጣ ስል ግን አንድ ጋሽ የምላቸው ሰው ቁልፋቸውን አነሱና "ላድርስህ" አሉኝ። ቤቴ በእግር የሚደረስ ነው። ገባሁ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው።

"ማታ ስንቴ ትነሳለህ?"

"ለምን?"

"ለሽንት።"

"አልነሳም፣ ምናልባት አንዴ።"

"እኔ እንቅልፍ የሚባል የለኝም" አሉ። መብራት ላይ ቆምን። "ስኳር መስሎኝ ነበር። ስኳር አይደለም አሉኝ።"

ለባለቤታቸው አልነገሩም። ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፣ ግን እንግሊዝኛቸው ስለማይበቃ የምታስተረጉምላቸው ሴት ልጃቸው ናት። ልጄ ፊት ስለ ሽንቴ ላወራ ነው? አሉኝ። ትክክል ናቸው። እኔም የልጄን ፊት እያየሁ አላወራም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተቋጠረው። ሐኪም አለ፣ ካርድ አለ፣ ታክሲያቸው ራሱ በሩ ላይ ቆሟል። የጎደለው በልጅ በኩል የማያልፍ አንድ አፍ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ላላችሁ ይህችን ያዙ። ቲአይኤስ የሚባል የመንግሥት የአስተርጓሚ አገልግሎት አለ። ቁጥሩ 131 450 ነው። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ ያስገባል፣ እናንተ አትከፍሉም። አማርኛ አለ። ወንድ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለትም ይቻላል። ጋሽም ይህንኑ አደረጉ። ካንሰር አልነበረም። እጢዋ በዕድሜ አብጣ ነው፣ እንዲህ ያለው እብጠት በሽማግሌዎች ላይ የተለመደ ነው። ኪኒን ታዘዘላቸው። እንዲያውም ጅምር ላይ ያለ ካንሰር ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አይሰጥም። ማታ መነሳት በራሱ ካንሰር ማለት አይደለም። ግን ለምን እንደሆነ ይታይ።

አሁን ጋሽ ሰው ሲያገኙ "ማታ ስንቴ ትነሳለህ?" ይላሉ። ማኪያቶ ቤቱ ውስጥ፣ ጮክ ብለው። ከሰላምታ ቀጥሎ የምትመጣ ጥያቄ ሆናለች።

አውስትራሊያ ውስጥ የወንዶች ጎጆ የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ጡረታ የወጡ ወንዶች ተሰብስበው እንጨት ይልጋሉ፣ ብስክሌት ይጠግናሉ። ወንዶች ፊት ለፊት ሳይሆን ትከሻ ለትከሻ ሆነው ነው የሚያወሩት ይላሉ። ከጋሽ ጋር መኪና ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። እኛም ቢሆን እርሻ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ሳር ሲታጨድ ነበር የምናወራው። ሶፋ ላይ አስቀምጦ "ስሜትህን ንገረኝ" ማለት ለሐበሻ ወንድ ፍርድ ቤት መቅረብ ነው።

ስለ ዘር ፍሬ ካንሰር አጭር ልበል፣ ብዙ ማለትም አፍ ያስይዛል። የሽማግሌ በሽታ አይደለም። በብዛት የሚይዘው ከ15 እስከ 39 ዓመት ያሉትን ነው። በጊዜ ከተገኘ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይድናሉ። ምርመራው ገላ ስትታጠብ በገዛ እጅህ የምታደርገው ነው። በሙቅ ውኃ፣ አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ቀስ አድርገህ ማገላበጥ። አንዱ ከሌላው ዝቅ ማለቱ፣ ትንሽ መተለቁ ችግር የለውም። ድሮ ያልነበረ ጠጣር ነገር ካለ ግን ሐኪም ጋ። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ይህን የነገርኩት መኪና ስነዳ ነው። ከጋሽ ተምሬ። ልጄ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ግን ሰምቷል።

የከበደኝ ሦስተኛው ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ራሳቸውን ከሚያጠፉት ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ወንዶች ናቸው። ከ15 እስከ 44 ዓመት ላሉ ሰዎች ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ይህ የአገሬው ቁጥር ነው፣ እኛም ውስጡ አለን። በየከተማው ያለ ሐበሻ አንድ አንድ ታሪክ ያውቃል። "በድንገት አረፈ" ይባላል። ሐዘን ቤት ውስጥ ሰው ይተያያል፣ ማንም አይጠይቅም። እናቱ ፊት እንዴት ይጠየቃል? ከዚያ ሁላችንም የየራሳችንን ግምት ይዘን እንበተናለን።

የስደተኛ ወንድ ኑሮ ለዚህ የተመቸ ነው። ሁለት ሥራ አለው። የሚረዳው ቤተሰብ አለው። አገር ቤት ያሉት እሱን የሚያውቁት በገንዘብ ላኪነቱ ነው። ደህና አይደለሁም ብሎ ለማን ይናገራል? ለእናቱ እንዳይል ያሳምማታል። ለጓደኛው እንዳይል ነገ ማኪያቶ ቤት ወሬ ይሆናል። ሰላምታችን ራሱ በሩን ይዘጋዋል። እንዴት ነህ? እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነህ? እግዚአብሔር ይመስገን። ምስጋናው ደግ ነው፣ እኔም እላለሁ። ከእሱ በኋላ ግን ማንም አይጠይቅም።

የሞቬምበር ሰዎች ወንዶችን የሚያስተምሩት አካሄድ አለ። መጀመሪያ ጠይቅ ይላሉ። ከዚያ ስማ፣ መፍትሔ ለመስጠት አትቸኩል። ቀጥሎ አንድ ትንሽ ነገር እንዲያደርግ አበረታታው፣ ለምሳሌ ሐኪም እንዲያይ። በመጨረሻ ተመልሰህ ጠይቅ። ሳነበው ይህማ ማን ያጣዋል አልኩ። ስሞክረው ግን ሁለተኛውን እንኳ ማለፍ አቃተኝ። ሰው ችግሩን ሲነግረኝ አፌ ወዲያው "አይዞህ፣ ያልፋል፣ ጸልይ" ይላል። ያ ደግሞ ሰውየውን ዝም የማሰኛ ጨዋ መንገድ ነው።

አንድ ጓደኛዬን፣ ከፍቺ በኋላ ለብቻው የሚኖር፣ ወንዙ ዳር አብረን ስንሄድ ጠየቅኩት። 60ውን ኪሎ ሜትር እየሞላ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ። "እሱስ ይመስገን። አንተስ?" አልኩት። ጥቂት ሄድን። "ማታ ቤት ስገባ መብራት አላበራም" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቀድሞ ሚስቱ አወራን። ስንመለስ ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብሃል ወይ አልኩት፣ በቀጥታ። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። ባለሙያዎቹ ደጋግመው የሚሉት ነው። እንዲያውም ሰውየው ጭነቱን እንዲያወርድ ዕድል ይሰጠዋል። አይመጣብኝም፣ ግን ደክሞኛል አለኝ። በሳምንቱ አብሬው ሐኪም ጋ ሄድኩና ተራ እስኪደርሰው አብሬው ጠበቅኩ። ላይፍላይን የሚባለውን የ24 ሰዓት ስልክም፣ 13 11 14፣ ሞባይሉ ላይ መዝግበንለታል። "የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ" ብሎ ነው ያስገባው፣ ሰው ስልኩን ቢያይ እንዳይጠይቀው።

ስለ ገንዘቡም ልበል፣ የዘመቻው ስም እሱ ነውና። ሪዝ ካንሰር አያድንም የሚሉ አሉ። ቢሮ ውስጥ ለሚደረግ ቀልድ ሰበብ ነው የሚሉም አሉ። አንዳንዱ ላይ እውነት አላቸው። በወሩ መጨረሻ ፎቶ ተነስቶ ስለ ምን እንደነበር የረሳ ሰው አይቻለሁ። ግን እዚሁ ሜልበርን ያለው ፒተር ማካለም የካንሰር ማዕከል የመራው ሙከራ አለ። ሉቲሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ መድኃኒት በደም ሥር ገብቶ የተዛመተውን የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ድረስ ሄዶ ይመታል። በ2021 ውጤቱ ሲታተም ከተለመደው ኬሞ ጋር ተነጻጽሮ ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል። ወጪውን ከደገፉት አንዱ ሞቬምበር ነው። የባልደረቦቼ ሃያ ሃያ ዶላር ተጠራቅሞ የሚደርሰው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። አባቴ በታመመበት ዘመን በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጋሼም ወረቀቱን የደበቁት ተስፋ ቢያጡ ነው።

እኛ ማዋጣት አናውቅም ማለት አይቻልም። አንድ ሰው እዚህ ቢሞት አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞላል። ማንም አይለመንም። ታክሲ ነጂው ይሰጣል፣ ተማሪዋ ትሰጣለች። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ የሚያድር ሰው ተራ ይይዛል። እድራችን እንከን አይወጣለትም። ሥራውን የሚጀምረው ግን ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው።

ይህንን ለእድሩ ሊቀመንበር አነሳሁላቸው። በወር አንዴ በምንሰበሰብበት ቀን አሥር ደቂቃ ስጡኝ አልኳቸው። አንድ ሐበሻ ነርስ አለ፣ እሱ ስለ ፒኤስኤ ይናገር። ጋሽም ስለ ሌሊቱ ይናገሩ፣ ፈቃደኛ ናቸው። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሪዜን አዩት። "ሴቶችም እኮ አሉ በስብሰባው" አሉኝ። ይኑሩ እንጂ አልኳቸው፣ ባሎቻቸውን ሐኪም ቤት የሚወስዱት እነሱ አይደሉ? አሰቡበት። ጸሐፊውን ጠሩ።

አጀንዳ ላይ ገብቷል። ተራ ቁጥር አራት፣ ከአዳራሽ ኪራይ ቀጥሎ፣ ከልዩ ልዩ በፊት።